ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ጋዜጠኝነትና ብሮድካስት ብማር ያዋጣኛል? ለተባለው ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ዕድሜዬ 26 ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በዲቪ ወደ አሜሪካ መጥቼ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ እኖራለሁ። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምሬ አቋርጫለሁ። አሁን ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን እንከባከባለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ምኞቴ ሬዲዮ ላይ መሥራት ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ጋዜጠኝነትና ብሮድካስት ብማር በሁለት ዓመት ሥራ አገኛለሁ ወይስ ጊዜዬን ነው የማባክነው? እንግሊዝኛዬ የአበሻ ቃና አለው፤ ይህስ ያግደኛል?»

ውድ እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የዜና አጻጻፍና የድምፅ ትምህርት በማስተማር ብዙ ዓመት ስላሳለፍኩ፣ በጥያቄዎ ውስጥ ያለው ስጋት አዲስ አልሆነብኝም። ትምህርቱ ጊዜ ማባከን አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ተምሬ በቀጥታ ሪፖርተር ሆኜ እቀጠራለሁ ብለው ከሆነ የሚነሡት ዕቅዱ ከወዲሁ መስተካከል አለበት። ቃናዎ አያግድዎትም፤ በእንግሊዝኛዎ ውስጥ ሊያግዱዎት የሚችሉት ጥቂት የታወቁ ነገሮች ናቸው፤ እነሱንም አንድ በአንድ እነግርዎታለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ብዙ ወገኖቻችን ዋጋ የከፈሉበትን ጉዳይ፣ የዲግሪ ዓይነት አመራረጥን፣ ላስቀድም።

በአሜሪካ የመጀመሪያው የመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በኢሊኖይ ግዛት፣ ጆሊየት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1901 ሲጀመር፣ ዓላማው ተማሪዎች ከቤታቸው ሳይርቁ የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ትምህርት እንዲያገኙ ነበር። ሙያ አስተምሮ በቀጥታ ወደ ሥራ የመላኩ ዓላማ እየተጨመረና እየሰፋ የመጣው በኋላ ነው። እነዚህ ሁለት ዓላማዎች ዛሬም በአንድ ግቢ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ ተማሪው የትኛውን መንገድ እንደያዘ ሳያውቅ ሁለት ዓመት ሊጓዝ ይችላል። አንደኛው መንገድ «አሶሼት ኦፍ አርትስ» የሚባለው ሲሆን፣ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ታስቦ የተቀረጸ ነው፤ በውስጡ የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ ሒሳብ፣ ታሪክና ሳይንስ በብዛት አሉ፣ የጋዜጠኝነቱ ኮርስ ግን ጥቂት ነው። ሁለተኛው «አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ» ነው። ይህኛው ካሜራ፣ የድምፅ ቅንብር፣ ስቱዲዮና ቀጥታ ስርጭት የሚበዛበት፣ ወዲያው ወደ ሥራ ለመግባት የሚያዘጋጅ ነው። ሁለቱም 60 ክሬዲት አካባቢ ስለሚጠይቁና ሁለቱም ዲግሪ ስለሚባሉ ከውጭ ለሚያያቸው ሰው አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱ የሚታየው ወደ ዩኒቨርሲቲ ልዛወር ባሉ ቀን ነው።

ይህን የምናገረው ራሴ ስለደረሰብኝ ነው። እኔ በተማርኩበት ኮሌጅ የስቱዲዮውን ኮርሶች ስለወደድኳቸው እየመረጥኩ አከማቸኋቸው፤ ያማከረኝም ሰው «ሁሉም ክሬዲት ነው» ብሎ አለፈ። ዩኒቨርሲቲ ስደርስ 18 ክሬዲት ያህል «ተቀባይነት ያለው፣ ለዲግሪው ግን የማይቆጠር» ተብሎ ከዳር ተቀመጠ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ የፈጀብኝን ያን ድካም ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ የተማርኩት ነገር ከንቱ ሆኖ ሳይሆን፣ አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር በሌላ ቅደም ተከተል ልማረው እችል ስለነበር ነው።

እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። በአሜሪካ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶችን መዝኖ ዕውቅና የሚሰጠው ምክር ቤት፣ ዕውቅና ባገኙት ትምህርት ቤቶች የሚመረቅ ተማሪ ቢያንስ 72 ክሬዲት ከጋዜጠኝነትና ከመገናኛ ብዙኃን ውጭ ባሉ ትምህርቶች እንዲወስድ ይጠይቃል። የባችለር ዲግሪ በጠቅላላው 120 ክሬዲት ነው ብንል፣ ለሙያው ትምህርት የሚተርፈው 48 ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ዋና ዋናዎቹን የሙያ ኮርሶች ራሱ ማስተማር ይፈልጋል። እንግዲህ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ 24 ክሬዲት የብሮድካስት ኮርስ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ ቦታው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይታይዎታል። ከሕጉ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ ስለ በጀት የሚዘግብ ሰው ሒሳብ፣ ስለ ፍርድ ቤት የሚዘግብ ሰው የመንግሥት አወቃቀር ማወቅ አለበት።

ስለዚህ ኮርስ ከመምረጥዎ በፊት መድረሻዎን ይምረጡ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። እርስዎ ባሉበት አካባቢ በኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ፊሊፕ ሜሪል የጋዜጠኝነት ኮሌጅ አለ፤ ባልቲሞር ውስጥ ሞርጋን ስቴት፣ ዋሽንግተን ውስጥ ደግሞ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አሉ። ሜሪላንድ «አርትሲስ» የሚባል የግዛቱን ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ኮርሶች የሚያዛምድ የኮምፒውተር መዝገብ አላት፤ የኮሌጁን ኮርስ ሲያስገቡለት በዚያኛው ዩኒቨርሲቲ ምን ሆኖ እንደሚቆጠር ያሳይዎታል። አማካሪዎ ዘንድ ሲቀርቡ ይህን አትመው ይዘው ይሂዱ። በሌላ ግዛት ለሚኖሩ አንባቢዎችም ተመሳሳይ መንገድ አለ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተረጋገጠ ቅበላ ስምምነት አላቸው፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ሕግ ለዝውውር ብቻ የተዘጋጀ አሶሼት ዲግሪ አቋቁማለች፣ ጋዜጠኝነትም ከነዚህ አንዱ ነው።

«ታዲያ ስቱዲዮ ሳልገባ ሁለት ዓመት ልቆይ?» ይሉኝ ይሆናል። አይደለም። ኮርስ የሚወስዱት በልክ ይሁን፤ የተማሪ ጋዜጣውና የተማሪ ሬዲዮው ግን ክሬዲት ኖረውም አልኖረው ቤትዎ ይሁኑ። የዚህ ሙያ ትምህርት ዋናው ክፍል ሰዓት የተቆረጠለት ሥራ ላይ ነው የሚገኘው፤ ማድረሻ ሰዓት ባለው ሥራ ላይ ሆነው፣ የሚያርም ሰው አጠገብዎ ቆሞ፣ ስሕተትዎ ሌላ ሰው ጆሮ ከመድረሱ በፊት ሲያዝ። አንዳንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች በዚህ ረገድ ከትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የማያንስ ሀብት አላቸው። በኤፍ ኤም ሞገድ ላይ ከ88 እስከ 92 ሜጋኸርትዝ ያለው ክፍል ለንግድ ላልሆኑና ለትምህርት ጣቢያዎች የተጠበቀ በመሆኑ፣ የስርጭት ፈቃዱን ራሳቸው የያዙ ኮሌጆች አሉ። በዋሽንግተን ግዛት የቤልቪው ኮሌጅ 91.3፣ በኢሊኖይ የዱፔጅ ኮሌጅ 90.9፣ በካሊፎርኒያ የሳን ማቴዎ ኮሌጅ 91.1 ላይ ያሰራጫሉ። በሳንታ ሞኒካ ኮሌጅ ሥር ያለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1945 የተመሠረተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚመለሱ ወታደሮችን በዚያን ጊዜ አዲስ በነበረው የኤፍ ኤም ቴክኖሎጂ ለማሠልጠን ነበር።

ነገር ግን ኮሌጁ ጣቢያ አለው ማለት ተማሪው አየር ላይ ይወጣል ማለት አይደለም። ከነዚህ ጣቢያዎች አንዳንዶቹ ከጊዜ ብዛት ሙሉ በሙሉ በደመወዝተኛ ባለሙያዎች የሚካሄዱ ሆነዋል፤ ሌሎች፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን ግዛት ኦበርን ከተማ የግሪን ሪቨር ኮሌጅ ጣቢያ፣ በተማሪዎች እጅ ናቸው። ስለዚህ ኮሌጁን ሲጎበኙ የሕንፃውን ውበት ትተው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ባለፈው ሳምንት የተማሪ ድምፅ የተሰራጨው መቼ ነው? መሣሪያ ወደ ቤት መዋስ ይቻላል ወይ? ስቱዲዮው እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው? እርስዎ ሌሊት ስለሚሠሩ ሦስተኛው ጥያቄ የሞት የሽረት ነው። የሞንትጎመሪ ኮሌጅ በሮክቪል፣ በጀርመንታውንና በታኮማ ፓርክ ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓሶች ስላሉት፣ የሚፈልጉት ስቱዲዮና ኮርስ በየትኛው ካምፓስ እንደሚገኝ ሳያረጋግጡ አይመዝገቡ፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ በአውቶቡስ ሁለት ጊዜ እየቀየሩ መማር ብዙ ጎበዞችን አስቁሟል።

እስቲ አሁን ወደ ስቱዲዮው ላስገባዎት። አምስት ደቂቃ የዜና እወጃ አለዎት እንበል። አዲስ ተማሪ ከመጀመሪያው ዜና ጀምሮ ወደ ፊት ይቆጥራል፤ የለመደ ሰው ግን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይቆጥራል። መዝጊያው 10 ሰከንድ፣ የአየር ጠባዩ 30 ሰከንድ ከሆነ፣ የአየር ጠባዩ ንባብ 4 ደቂቃ ከ20 ላይ መጀመር አለበት። ይህን ቁጥር በወረቀቱ ራስ ላይ በትልቁ ይጽፉታል። ሰዓቱ 4 ከ20 ሲል የሚያነቡት ዜና ባያልቅም በመጀመሪያው የዓረፍተ ነገር ማብቂያ ላይ ይቆርጡታል። በሰዓቱ መባቻ ላይ ደግሞ ጣቢያው መለያ ፊደላቱንና ፈቃድ የተሰጠበትን ከተማ መናገር ሕግ ስለሆነ፣ እርስዎ አምስት ሰከንድ ብታሳልፉ ከእርስዎ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይዛነፋል። ማይክሮፎኑ ከአፍዎ አንድ ስንዝር ያህል ይርቃል፣ ትንሽም ወደ ጎን ይዘነበላል፤ ያለበለዚያ «ፐ» እና «በ» በሚሉ ቁጥር ነፋሱ እንደ ጥፊ ይሰማል። ከቃለ መጠይቅ በኋላ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ ግማሽ ደቂቃ ይቀዳሉ፤ ሲያቀናብሩ የቆረጡበት ቦታ እንዳይታወቅ የሚሸፍኑት በዚያ ዝምታ ነው። እነዚህ ከመጽሐፍ የሚነበቡ ነገሮች ይመስላሉ፤ እጅ የሚለምዳቸው ግን በሃምሳኛው ጊዜ ነው።

ወደ እንግሊዝኛው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው አለቦታው እዚህ ላይ ነውና።

ቃና ማለት አንድ ነገር ነው፣ መሰማት ሌላ ነገር ነው። አድማጭ አንድን ድምፅ «ይህች ሴት ከሌላ አገር የመጣች ናት» ብሎ ለይቶ ቃል በቃል ከተከተለዎት ምንም የጎደለ ነገር የለም። ችግሩ የሚመጣው ቃና ትርጉም ሲለውጥ ነው፤ ይህም የሚሆንባቸው ቦታዎች ይቆጠራሉ። አንደኛው ቁጥር ነው። አሥራ አምስትና ሃምሳ በእንግሊዝኛ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ናቸው፤ በመጀመሪያው ድምፁ የሚከብደው መጨረሻው ላይ፣ በሁለተኛው መጀመሪያው ላይ ነው። እኛ ለሁሉም ክፍለ ቃል ተቀራራቢ ክብደት መስጠት ስለለመድን ሁለቱን አንድ እናደርጋቸዋለን፤ ዜና ላይ ደግሞ 15 ሰው ተጎዳና 50 ሰው ተጎዳ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የአናባቢ ርዝመት ነው። «መኖር» እና «መልቀቅ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት በእኛ አፍ ሁለቱም «ሊቭ» ይሆናሉ፤ ነዋሪዎቹ በሕንፃው ሊኖሩ ነው ወይስ ሊለቁ የሚለው ግን ራሱ ዜናው ነው። ሦስተኛው፣ ተነባቢዎች በተደራረቡበት ቦታ ሳናውቀው አናባቢ እናስገባለን፤ «ስትሪት» የሚለውን «እስትሪት» እንላለን። አራተኛው፣ አንድ ቃል ስም ሲሆንና ግስ ሲሆን ክብደቱ ቦታ ይቀይራል፤ መዝገቡ «ሬከርድ»፣ መቅዳቱ «ሪኮርድ» ነው። እነዚህ አራቱ ከተስተካከሉ የቀረውን ቃናዎን ይተዉት፤ የራስዎ ነው፣ ያምራልም።

ብዙዎቹ የብሮድካስት ፕሮግራሞች የድምፅና የአነጋገር ኮርስ አላቸው። ካለ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው መንፈቅ ይውሰዱት። እስከዚያው በስልክዎ በየቀኑ አንድ የ30 ሰከንድ ዜና ይቅዱ። የእንግሊዝኛ ዜና አንባቢ በደቂቃ ከ150 እስከ 160 ቃል ያነባል፤ 30 ሰከንድ ማለት 75 ወይም 80 ቃል ነው። እርስዎ 80ውን ቃል በ22 ሰከንድ ከጨረሱት እየሮጡ ነው፤ ሩጫው ደግሞ ከፍርሃት የሚመጣ ነው። የኔ ተማሪዎች ዘንድ ትልቁን ለውጥ ያየሁት ቀስ እንዲሉ ሳደርጋቸው ነው። ጎረቤት አገር ተወልዳ ያደገች አንዲት ተማሪዬ በመጀመሪያው ቀን ያነበበችውን ማንም አልገባውም ነበር፤ ያንኑ ጽሑፍ፣ ያንኑ ቃና እንደያዘች፣ በ32 ሰከንድ ስታነበው ክፍሉ በሙሉ እያንዳንዱን ቃል ሰማ። ድምፅዋ ላይ ምንም አልነካንም።

ከአነጋገር ይልቅ የሚከብደው አጻጻፉ ነው፤ ይህን ማንም ስለማይነግርዎ እኔ ልንገርዎ። በአማርኛ ዜና ስንጽፍ «ትናንት ከሰዓት በኋላ በዋናው መንገድ ላይ በሁለት ተሽከርካሪዎች መካከል በደረሰ ግጭት ሦስት ሰዎች መጎዳታቸውን ፖሊስ ገለጸ» እንላለን። ጊዜው፣ ቦታው፣ ምክንያቱ አስቀድሞ ይመጣል፤ የሆነው ነገርና የተናገረው አካል መጨረሻ ላይ ይጠብቃሉ። ለአማርኛ ጆሮ ይህ የተፈጥሮ አካሄድ ነው፤ አድማጩ ግሱ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ይታገሳል። የእንግሊዝኛ ሬዲዮ አድማጭ ግን አይታገስም። እዚያ «ፖሊስ እንዳለው ሦስት ሰዎች ተጎድተዋል» ተብሎ ይጀመርና ነጥብ ይደረጋል። የቀረው በሌላ አጭር ዓረፍተ ነገር ይከተላል። የተናገረው አካል ከፊት የሚቀመጠው፣ አድማጭ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ ስለማይችል ማን እንዳለው አስቀድሞ ማወቅ ስላለበት ነው። የኛ ተማሪዎች ሰዋስዋቸው ልክ ሆኖ ጽሑፋቸው «የተጨናነቀ» እየተባለ የሚመለስላቸው ከዚህ የተነሣ ነው። መፍትሔው በእንግሊዝኛ ማሰብ ነው ሲባል ይሰማል፤ እኔ ግን ከዚያ የሚቀል መንገድ አውቃለሁ፦ ዜናውን ከሥራ ለተመለሰች እህትዎ በአንድ ትንፋሽ ቢነግሯት መጀመሪያ የሚወጣውን ቃል ይያዙ። እሱ ነው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር።

የሕግ ኮርስ ሲያገኙ አይዝለሉት። በተለይ እርስዎ ባሉበት አካባቢ አንድ ወንዝ መሻገር ሕጉን ይለውጠዋል፦ በሜሪላንድ የስልክ ንግግር ለመቅዳት የሁሉም ተነጋጋሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂኒያ ግን የአንዱ ይበቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጠው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ያለ ሰው በስልክ የሚያነጋግሩ ከሆነ ሁልጊዜ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ፈቃዱንም በቅጂው ላይ ያስገቡ። እግረ መንገዴን፣ ከሚንከባከቧቸው አረጋውያን ጥሩ ጥሩ ታሪክ መስማትዎ አይቀርም፤ በሥራ ሰዓት ስለ እነሱ አንዳችም ነገር አይቅዱ፣ አይጻፉም። የእነሱ ምስጢርና የእርስዎ እንጀራ አንድ ላይ የታሰሩ ናቸው።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ይህን ይወቁ። ግሪን ካርድ ስላለዎት የፌዴራል የትምህርት ርዳታ ማመልከቻውን፣ ፋፍሳን፣ መሙላት ይችላሉ። ተመላሽ የማይደረገው የፔል ግራንት ከፍተኛው መጠን ለ2025–26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው፤ የሚያገኙት በገቢዎና በሚወስዱት ክሬዲት ልክ ነው። 12 ክሬዲት እንደ ሙሉ ጊዜ ይቆጠራል፤ 6 ከወሰዱ ግማሹን፣ 9 ከወሰዱ ሦስት አራተኛውን ያገኛሉ። የሜሪላንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለካውንቲው ነዋሪ፣ ለሌላ ካውንቲ ነዋሪና ከግዛቱ ውጭ ለመጣ ሰው የተለያየ ክፍያ ስለሚያስከፍሉ፣ አድራሻዎን የሚያሳይ ሰነድ አስቀድመው ያዘጋጁ። አገር ቤት የተማሩት ሁለት ዓመት ያለዲግሪ የተቋረጠ መሆኑ በዚህ በኩል ይጠቅምዎታል፤ የባችለር ዲግሪ ያለው ሰው፣ ዲግሪው ከውጭ አገር ቢሆንም እንኳ፣ ፔል ግራንት አይሰጠውም። ዲግሪ ያላቸው ወገኖቼ ይህን ባለማወቅ ፎርሙ ላይ «የለኝም» ብለው ሲሞሉ አይቻለሁ፤ ሐሰተኛ መረጃ በመስጠት የሚያስጠይቅ ነውና በፍጹም አያድርጉት።

የተማሩትን ደግሞ አይጣሉት። ትራንስክሪፕትዎን ከዩኒቨርሲቲው አስልከው፣ ኮሌጁ በሚቀበለው ገምጋሚ ድርጅት ኮርስ በኮርስ ያስገምግሙ። 20 ክሬዲት እንኳ ቢያዝልዎ የቀረዎት 40 ነው፤ በመንፈቅ 9 ክሬዲት እየወሰዱ በአምስት መንፈቅ ይጨርሱታል። ምንም ካልተያዘልዎ ግን 60ውን በዚያው ፍጥነት ለመጨረስ ሰባት መንፈቅ ያስፈልግዎታል። «ሁለት ዓመት» የሚባለው ኮሌጅ ሁለት ዓመት የሚሆነው በየመንፈቁ 15 ክሬዲት ለሚወስድ ሰው ነው፤ ሌሊት እየሠሩ 15 ክሬዲት መውሰድን አልመክርም። ውጤት ወርዶ ከ2.0 በታች ከሆነ፣ ወይም የጀመሩትን ኮርስ በብዛት ካቋረጡ ርዳታው ይቋረጣልና፣ ጥቂት ወስዶ በደንብ መጨረስ በገንዘብም ያዋጣል።

ሥራውስ? እዚህ ላይ ሳልደባብቅ ልንገርዎ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለሪፖርተርነት በተለምዶ የሚጠየቀው የመግቢያ ትምህርት የባችለር ዲግሪ መሆኑን ይገልጻል፤ በ2023 የሙያው መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 57,500 ዶላር ነበር፣ የሥራ ቦታውም በመጪዎቹ ዓመታት እንደሚቀንስ ይተነብያል። አገሪቱ 210 የቴሌቪዥን ገበያ ተብላ ስትከፈል ዋሽንግተን በትልቅነት ከመጀመሪያዎቹ አሥር ትመደባለች፤ ጀማሪ ሪፖርተር እዚህ አይቀጠርም ማለት ይቻላል። ጀማሪዎች የሚቀጠሩት እንደ ሜሪላንዷ ሳልስበሪ ባሉ ትንንሽ ገበያዎች ነው። በ2025 ደግሞ ሁለት ከባድ ነገሮች ተከተሉ። በማርች ወር በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ምክንያት ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ሠራተኞች ከሥራ ገበታቸው እንዲርቁ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በአማርኛ ሲያሰራጭ የኖረው፣ ብዙዎቻችን እንደ እርስዎ በልጅነታችን እያዳመጥን የተመኘነው ቤት መሆኑ ነው። በጁላይ ደግሞ ኮንግረስ ለሕዝብ ብሮድካስት የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ፤ ገንዘቡን ለጣቢያዎች ሲያከፋፍል የኖረው ኮርፖሬሽንም በኦገስት ወር ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። አንዳንድ የኮሌጅ ጣቢያዎችም ከዚህ ገንዘብ ይደርሳቸው ነበር። ስለዚህ የሚጎበኙትን ኮሌጅ የስቱዲዮው በጀት ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ከየት እንደሚሸፈን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሆኖም የሙያው በር አንድ ብቻ አይደለም። በካሜራ፣ በድምፅ፣ በቀጥታ ስርጭት ማቀናበሪያ ክፍል የሚሠሩ ቴክኒሻኖች በአሶሼት ዲግሪ፣ አንዳንዴም በሰርተፊኬት ይቀጠራሉ። ዋሽንግተን ደግሞ ጉባኤና ጋዜጣዊ መግለጫ የማይቋረጥባት ከተማ ናት፤ ካውንቲዎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎች፣ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ጭምር ድምፅና ምስል አስተካክሎ የሚያስተላልፍ ሰው ይፈልጋሉ። ብዙ ሪፖርተሮች በዚህ በር ገብተዋል፦ ቀን ቀን ገመድ እየዘረጉ፣ ማታ ማታ ዲግሪያቸውን እየጨረሱ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የዝውውሩን ዲግሪ ይዤ፣ ከብሮድካስቱ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት የቴክኒክ ኮርስ ብቻ መርጬ እጨምር ነበር፤ ድምፅ ቅንብርን አንደኛ አድርጌ። ዝውውሩ ላይ የሚጎዳዎት ጥቂት ነው፣ ኪስዎ ውስጥ ግን እጅ የሚያውቀው ሙያ ይገባል።

አማርኛዎን ደግሞ እንደ ትርፍ ነገር አይዩት። በሞንትጎመሪ ካውንቲና በአካባቢው የሚኖረውን ሕዝባችንን የሚነካ ብዙ ዜና በየሳምንቱ ሳይዘገብ ያልፋል፤ የቤት ኪራይ ስብሰባ አለ፣ የታክሲና የማመላለሻ ሾፌሮች ጉዳይ አለ፣ የትምህርት ቤት ቦርድ ውሳኔ አለ። የተማሪ ጋዜጣው አርታኢ እነዚህን ሰዎች በቋንቋቸው ሊያነጋግራቸው አይችልም፤ እርስዎ ይችላሉ። በአማርኛ ጠይቀው፣ በእንግሊዝኛ ጽፈው፣ ሁለቱንም ድምፅ አስቀምጠው የሠሩት አንድ የሦስት ደቂቃ ዘገባ፣ ለሥራም ለዝውውርም ሲያመለክቱ ከማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤ በላይ ይናገርልዎታል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ከአማርኛ ሲተረጉሙ የሰውየውን ንግግር አያሳምሩት፤ የተናገረውን ያህል ብቻ ይስጡት፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰውም ይመልከትልዎ።

ለመጀመሪያው መንፈቅ ዘጠኝ ክሬዲት ብቻ ይያዙ፦ የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ የመገናኛ ብዙኃን መግቢያ፣ ከተቻለም የድምፅና የአነጋገር ኮርስ። የመግቢያ ፈተናው እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ እንዲማሩ ከመደብዎት በቅሬታ ጊዜ አያጥፉ፤ ክፍሉን ይውሰዱ፣ በዚያው ወር ግን ወደ ተማሪ ጋዜጣው ቢሮ ይሂዱና ይመዝገቡ፤ አብዛኞቹ በሩን ለመግባት የሚጠይቁት ኮርስ የለም። ፈረቃዎን ከጠዋት ትምህርት ጋር ሳያጋጩ በሳምንት አንድ ሙሉ ከሰዓት ነጻ ያድርጉ፤ ያን ከሰዓት ለስቱዲዮው ብቻ ይስጡት። የመጀመሪያዋን የ30 ሰከንድ ቅጂ ዛሬ ማታ ይቅዱና ሳያጠፉ ያስቀምጧት፤ በመንፈቁ ማብቂያ ያንኑ ጽሑፍ እንደገና አንብበው ሁለቱን ጎን ለጎን ያዳምጧቸው።